የዋለ ድርሻ

ጋሽ ወልዴ ከአምባሰል ተነስተው ደሴ ድረስ መጥተው የአዳራሹን በር ሲገፉት፣ ሉብና ተማሪዎቿን ዓይናቸውን አስጨፍና አቁማቸው ነበር።

ጦርነቱ አልፎ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነው። የአዳራሹ መስታወት ረግፏል፣ መጋረጃው የለም፣ የመድረኩ ጣውላ ግማሹ ተነቅሎ ማን እሳት እንደሞቀበት አይታወቅም። ተማሪዎቹ በተረፈው ወለል ላይ ተበታትነው ቆመዋል። ሉብና "ትንፋሻችሁን አዳምጡ" ብላቸዋለች፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምትላቸው ግን ራሷም አላወቀችም። ድሮ ቢሆን "በሉ እንግዲህ ዝለሉ፣ ተወዛወዙ" ትል ነበር። አሁን ከመካከላቸው ሐዘን ያልገባበት ቤት ያለው ማን ነው? ወንድሙን የቀበረን ልጅ ትከሻህን ንቀጥ ይሉታል? ዝም ብለህ ቁም ቢሉትስ ትምህርት ነው?

ሰውየው በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው አንከራተቱ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ ዝግ ብለው። "ጸሎት ላይ ናችሁ መሰለኝ፣ ይቅር በሉኝ። መሃንዲሶች የሚማሩበት የት ነው ብል ወዲህ መሩኝ።"

"ጸሎት አይደለም አባቴ፣ ይግቡ" አለች ሉብና። "ማንን ፈልገው ነው?"

"የዋለ ወልዴን አስተማሪ።"

ሙአዊያ ዓይኑን ገለጠ። ፋሲካም ገለጠች። ሁለቱ የዋለ ጓደኞች ነበሩ፤ ሙአዊያ ነርስነት የሚማር የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ፋሲካ ደግሞ የእርሻ ተማሪ።

"እኔ ነኝ" አለች ሉብና።

ጋሽ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ በባዶ እግሯ የቆመች ቀጭን ሴት ናት።

"አንቺ ነሽ ድልድይ የምትሠሪ?"

አንድ ተማሪ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። ሉብና ግን አልሳቀችም።

ነገሩን ማስረዳት ድሮም ቀላል አልነበረም። ለውጥ መጣ በተባለ ማግስት ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ፣ ሉብና አንድ ሐሳብ ይዛ ተነሥታ ነበር፤ ውዝዋዜና ክዋኔ የትያትር ተማሪዎች ርስት ብቻ አይሁን፣ ነርሱም መሃንዲሱም ገበሬ አስተማሪውም ሰውነቱን ይወቅበት የሚል። ገሚሱ መምህር ሳቀባት። አንዱ "እስክስታ ለሲሚንቶ ምን ይፈይዳል?" ብሎ ስብሰባውን አሳቀ። ዞሮ ዞሮ ግን ተፈቀደላት።

ዋለ የመጀመሪያ ቀን የመጣው ትምህርቱ ስፖርት መስሎት ነው። ውዝዋዜ መሆኑን ሲሰማ ጃኬቱን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ ሉብና "እስኪ ከመሄድህ በፊት፣ እናንተ መሬት ስትለኩ እንዴት እንደምትቆሙ አሳየን" አለችው። ቆመ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በሌለ መነጽር አሻግሮ አየ፣ ከወዲያ ማዶ የመለኪያ ዘንግ ለያዘ ሰው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቀና አድርገው፣ እዚያው ቁም። እጁ ያምር ነበር። ጃኬቱን መልሶ ወንበር ላይ ጣለው።

ከዚያ በኋላ ሙአዊያ በሽተኛ አንሥቶ የሚሸከምበትን አቋቋም አመጣ። ሁለቱን አገጣጠሟቸው። ሙአዊያ ፋሲካን አዝሎ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ እንደሚሄድ ሰው ይራመዳል፤ ዋለ ከሩቅ ቆሞ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ በእጁ ይመራዋል። ተሸካሚው ቀርቦ ቀርቦ ዋለ ዘንድ ሊደርስ ሲል ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። መጨረሻ አልነበረውም። "መጨረሻውን ምን እናድርገው ቲቸር?" ብሎ ጠይቋት ነበር። "በሚቀጥለው ሳምንት እናስብበታለን" አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ተበተነ፤ ከዚያ ወዲያ ዋለን ያየው የለም።

ጋሽ ወልዴ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

"ስንቅ ላድርስ ብሎ ከጎረምሶች ጋር ወጣ" አሉ። "ወጥቶ ቀረ። ሀሚዱ የሚባል ነጋዴ ጎረቤታችን፣ ሲሸሽ በሩቅ አየሁት ይላል፤ ወንዝ ዳር ወድቆ። ፊቱን አላየም። በጃኬቱ ነው ያወቀው፤ የዩኒቨርሲቲያችሁ ስም ከኋላው ያለበት። እኛ አካባቢውን ለቀን ስለነበር ሬሳ አላገኘን፣ አጥንት አላገኘን። ይኸው ሽማግሌዎች 'እርማችሁን አውጡ' አሉን፤ እሑድ ለቅሶ ልንቀመጥ ነው።"

"አላህ ያጽናችሁ" አለች ሉብና።

"አሜን። የመጣሁበት እንግዲህ..." አሉና ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ለጎበዝ ሲለቀስ ልብሱ ይያዛል፤ ጠመንጃው፣ ፈረሱ ይዞራል። እኛ ቤት ተቃጥሏል። የልጁ አንድ ቁምጣ አልተረፈ። እዚህ ማደሪያው የተወው ልብስ አይጠፋም ብዬ መጣሁ፤ ማደሪያውም ባዶ ነው አሉኝ። ምኑን ይዤ ላስለቅስ? አንቺ ካስተማርሽው፣ የሠራው ነገር የለም? ወረቀት ላይ የሣለው ድልድይም ቢሆን?"

ሉብና ዞር ብላ ሙአዊያን አየችው። እሱ ወለሉን ያያል።

"አባቴ፣ እኔ ዘንድ የተማረው..." አለች፣ "ውዝዋዜ ነው።"

"ምን?"

"ውዝዋዜ። የሰውነት እንቅስቃሴ።"

ጋሽ ወልዴ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። የሚቆጡ መስሏት ነበር። "እኔ መሃንዲስ ይሆናል ብዬ ነው የላክሁት" አሉ በመጨረሻ፤ ቁጣ የለበትም፣ መንገድ የሳተ ሰው ድምፅ ነው። "ጭፈራ ተምሮ ሞተ ልበል?"

"መሃንዲስነቱንም ይማር ነበር" አለች ፋሲካ ቸኩላ። "ጎበዝ ነበር።"

"እስኪ አሳዩኝ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

አሳዩዋቸው። ሙአዊያ ፋሲካን አዘለ፤ የዋለ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ሉብና ራሷ ሄዳ ቆመች። ሲጨርሱ ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ስበው ነበር።

"እጁ ነው" አሉ ከጋቢው ውስጥ። "በሬ ሲነዳም እንዲሁ ነው እጁን የሚያነሣ። እሑድ ትመጣላችሁ፤ ይኸንኑ ነው የምንይዝለት።"

እሺ አለች። እሺ ስትል ምን እንደገባች አላወቀችም።

ቅዳሜ ሦስቱም ደሴን ለቀው ሐይቅ ከተማ ገቡ፤ ሉብና እናቷ ቤት ልታድር። ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር ወርደው ተለማመዱ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቆም እያሉ ያዩዋቸዋል፤ አንዱ ፋሲካ እግሯን የተሰበረች መስሎት ጀልባዬን ላምጣ አለ። ማታ ነገሩን ለእናቷ ለመሪማ ስትነግራት፣ መሪማ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች።

"ለቅሶ ቤት ልትጨፍሪ?"

"ጭፈራ አይደለም እማ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ሉብና ለጉባኤ ያቀረበችውን ያን ሁሉ ቃል አስታወሰች፤ አንዱም አልሆን አላት። "እንጃ" አለች።

"ልጄ፣ እኛ የክርስቲያን ለቅሶ ስንደርስ ኖረናል፤ እነሱም የኛን። ደረት ሲመታ እንመታለን፣ ሲቀመጡ እንቀመጣለን። አንቺ ግን የሌላ ሰው ልጅ ሆነሽ ልትቆሚ ነው። ሙት ይሁን በሕይወት ይኑር ያልታወቀ ልጅ። ያ ረቢ፣ እኔ አላውቅም፤ ይከብደኛል።"

"አባትዬው ለመኑኝ።"

"እናቱስ?"

ሉብና እናት እንዳለችው እንኳ አልጠየቀችም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ ከውጫሌ ወዲያ መንገድ ዳር አወረዳቸውና ዳገቱን በእግር ወጡት። ከተቃጠለው ቤት ፊት ለፊት ዳስ ተጥሏል። ሰዉ ከየመንደሩ ይጎርፋል፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀም፣ ጀለቢያ የለበሰም። አስለቃሿ አሰገደች የምትባል ረጅም ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ይሰማል። የዋለ እናት እትዬ ባንቺአየሁ ከሴቶቹ መካከል ወገባቸውን በመቀነት አስረው ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። እንባቸው የደረቀ ነው ብለው ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ።

ጋሽ ወልዴ ሕዝቡን ዝም አሰኙና "የልጄ የተያዘለት ይኸ ነው" አሉ፤ ሌላ አላብራሩም።

ሉብና ከዳሱ ወዲያ ማዶ ሄዳ ቆመች። አንድ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። ሙአዊያ ፋሲካን አዝሎ ከበሩ በኩል ተነሣ። ግራ አለችው፤ ግራ ረገጠ። ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁለት። መጀመሪያ ሰዉ ምን እንደሚያይ አላወቀም፤ አንድ ሽማግሌ "ቁስለኛ ነው? ቁስለኛ ነው?" እያሉ ጎረቤታቸውን ይጠይቃሉ። ቀስ በቀስ ግን ገባቸው፣ ወይም የገባቸው መሰላቸው። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ኧኸኸ ብሎ ደረቱን መታ። አሰገደች ሉብናን ትኩር ብላ አየቻትና እዚያው ገጥማ አወረደችው፦

የሰው ልጅ ሲሸኝማ ፈረሱ ይያዛል፣
የኔ ዋለ እጁ ብቻውን ይጠራል።

ዳሱ በዋይታ ተናጠ። ሙአዊያ እየተጠጋ መጣ፤ ላቡ ይወርዳል። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ሥራው እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው። ሉብና እጆቿን ወዴት እንደምትመልሳቸው አላወቀችም። እንደተዘረጉ ቀሩ።

ይኼኔ እትዬ ባንቺአየሁ ተነሡ።

"ማንን ነው የሚጠራ?" አሉ።

አሰገደች ሙሾዋን አቋረጠች።

"ማንን ነው የሚጠራ አልኋችሁ! ሙት እጁን ዘርግቶ ኑ ይላል? እዩዋት እስኪ! ይኸ የልጄ እጅ ነው፣ እየጠራ ነው! እናንተ ንፍሮ ትቆረጥማላችሁ!" መቀነታቸውን ፈትተው መሬት ላይ ጣሉት። "ልጄ አልሞተም። እርም አልበላም። ሂዱ፣ ቤታችሁ ግቡ!"

"እየተሰናበተ ነው እንጂ አንቺ ሴት" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "እየተሰናበተን እኮ ነው።"

"እየጠራን ነው!"

ሰዉ ወደ ሉብና ዞረ። የምታውቀው እሷ ናት ብሎ። ጠራ ወይስ ተሰናበተ? ሉብና የምታውቀው እውነት አንድ ብቻ ነው፤ ያ እጅ መሬት ሲለካ "ዘንጉን ቀና አድርገህ ያዝ" ማለት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዋለ ራሱ አልወሰነም። ይህን እንዴት ብላ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ትናገር? እጆቿን አወረደች። ቄሱ መካከል ገብተው ሊያረጋጉ ሞከሩ፤ አልሆነም። ግማሹ ሰው ተቀመጠ፣ ግማሹ ተነሥቶ ሄደ። መልቀስ ያለበትም መጽናናት ያለበትም የቱ እንደሆነ የለየ አልነበረም።

ሲሄዱ ጋሽ ወልዴ እስከ አጥሩ ሸኟቸው። "እኔ ልቀብረው ነበር የጠራሁሽ" አሉ። "አሁን ምን ልሁን?"

በቀጣዩ ሳምንት እትዬ ባንቺአየሁ ብቻቸውን ሐይቅ ወርደው የመሪማን ቤት ጠይቀው አገኙት። ሉብና ከደሴ ተጠርታ መጣች።

"ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ" አሏት። "አብረሽኝ ትፈልጊያለሽ።"

"እናቴ፣ እኔ ያሳየሁት... ያለ መሆኑን አላውቅም እኮ።"

"ማን ያውቃል ታዲያ? ተነሺ።"

መሪማ ለልጇ ዳቦ ቋጥራ ሰጠቻት። "አብሽሪ" አለቻት።

ሙአዊያን ይዘው መጀመሪያ ሀሚዱ የጠቆማቸው ወንዝ ዳር ያለች መንደር ሄዱ። ጃኬት የለበሰ ልጅ ተቀብሮ እንደሆነ ቢጠይቁ፣ አዎ አሉ፤ ጦርነቱ ሲበረታ ሸሽተው ያልሄዱ ሴቶች ናቸው አፈር ያለበሱት። መቃብሩን አሳዩዋቸው። እትዬ ባንቺአየሁ በድንጋዩ ክምር አጠገብ ቆሙ፤ ፊታቸው ሲገረጣ ሉብና ክንዳቸውን ያዘች። ነገሩ አበቃ ብላ አሰበች፤ እፎይ ማለቷን ስታውቅ ደግሞ አፈረች።

"ፊቱ የሚታወቅ አልነበረም" አለች አንዲት አሮጊት። "ከኪሱ ያገኘነውን ግን ለሚመጣ ወገን ብዬ አኑሬዋለሁ።" ከቤቷ ገብታ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አመጣች። ቢፈቱት ሙስበሃ ነው፣ የሙስሊም መቁጠሪያ፤ ጥቁር ጠጠሩ መሐሉ ላይ ተበጥሶ በሰማያዊ ክር የተቀጠለ።

እትዬ ባንቺአየሁ አገላብጠው አዩት። "የኔ ልጅ አንገቱ ላይ ማተብ ነው ያለው" አሉ። "ይኸ ምኑ ነው?" ከዚያ ቀስ እያለ ገባቸው። "ይኸ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ጃኬቱን የለበሰው ሌላ ልጅ ነው!" ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ በለቅሶው ቀን ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ፤ በደስታ ይሁን በሌላ፣ ሉብና መለየት አቃታት።

አርብ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙአዊያ ሐይቅ መስጊድ ደጃፍ ላይ ነገሩን አስነገረ። ሰው ለሰው ሲቀባበለው ወሬው አርዲቦ ደረሰ። እዚያ ዋሲላ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ሙሐዲን የሚባል ልጃቸው በዚያው ሰሞን ስንቅ ተሸክሞ ወጥቶ አልተመለሰም። ሀገር ሁሉ ሞቷል ሲላቸው እሳቸው ብቻ "ይመጣል" ብለው እህሉን ሳይቀር ከፍለው ያስቀምጡለት ነበር አሉ።

ሙስበሃውን ማን ይውሰድላቸው? ሙአዊያ "እኔ አልችልም" አለ። እትዬ ባንቺአየሁ "ያገኘሁት እኔ ነኝ" አሉ። ሉብና ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ ዋሲላ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ክሩን ባዩት ጊዜ አልጮኹም። "እኔ ነኝ የቀጠልሁት" አሉ ብቻ። "ሰማያዊ ክር እንጂ ሌላ አልነበረኝም።" ጎረቤት ሴቶች መጥተው ደገፏቸው፤ ምንጣፍ ተነጠፈ። የአርዲቦ ሐይቅ ከታች ያብረቀርቃል፤ በዳሩ ሰዎች ሽንኩርት ይኮተኩታሉ።

ብዙ ቆይተው ወይዘሮ ዋሲላ ወደ እትዬ ባንቺአየሁ ዞሩ። "ጃኬቱ የልጅሽ ነው አሉኝ።"

"የልጄ ነው።"

"የኔ ልጅ ብርድ አይችልም ነበር። ከሕፃንነቱ።"

"በርዶት ይሆናል እንግዲህ። የኔው አውልቆ ሰጥቶታል።"

"የአንቺውስ በምን ሄደ?"

"በሸሚዝ።"

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ሉብና ከመካከላቸው ተቀምጣ ወዴት እንደምታይ አጣች። እሷ እጇን ባትዘረጋ፣ እትዬ ባንቺአየሁ ባልተነሡ ነበር። ባይነሡ፣ እኚህ ሴት ዛሬም "ይመጣል" እያሉ እህል በከፈሉ ነበር። አንዲቱ ልጅ አገኘች፣ አንዲቱ አጣች፤ ያገኘችውም አላገኘች። ይህን ነገር ደግ ሥራ ይሉታል ወይስ በደል? ሒሳቡን ብታገላብጠው ውሉ አልጨበጥ አላት።

"አንቺስ ማን ነሽ ልጄ?" አሏት ወይዘሮ ዋሲላ። "የየትኛው ወገን ነሽ?"

"የዋለ አስተማሪ ነኝ።"

"ምን አስተማርሽው?"

ሉብና አፏን ከፈተች። በመልሱ ፈንታ እንባዋ መጣ። ያን ሁሉ ወር አንድ ጊዜ አላለቀሰችም ነበር። ወይዘሮ ዋሲላ ጠጋ ብለው ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ ሐዘንተኛዋ አጽናኝ ሆኑ። ማንም ነውር ነው አላለም።

ዋለ ያን ዓመት አልተገኘም፤ በቀጣዩም አልተገኘ። ጋሽ ወልዴ ሁለተኛ ለቅሶ አልጠሩም፤ ሰው ሲጠይቃቸው "እናቱን ጠይቋት" ይላሉ።

ከአርዲቦ የተመለሱ ዕለት ሐይቅ መናኸሪያ ሲደርሱ እዚያ ይጠብቃቸው የነበረው ሙአዊያ ወደ ደሴ የሚሄደውን መኪና ሊያቆም ሮጠ፤ ሉብና በማግስቱ ክፍል ነበራት። እትዬ ባንቺአየሁ ግን በተቃራኒው ወገን ቆሞ ወደነበረው የመርሳ ሚኒባስ ሄዱ።

"ወዴት ነው እናቴ? ቤትዎ አይገቡም?"

"መርሳ ድረስ ልሂድ። በዚያ ብርድ ሸሚዝ ብቻ የለበሰ ልጅ፣ ያየው ሰው አይጠፋም።"

ተዉ ልበላቸው? አለች በልቧ። አይዞዎት ልበላቸው? ሙአዊያ ከወዲያ ማዶ "ቲቸር! ሞላ እኮ!" እያለ ይጮኻል። ሉብና አንድ ጊዜ ወደሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሚኒባሱ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገባችና እትዬ ባንቺአየሁ አጠገብ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ "እህት፣ የት ድረስ ነሽ?" አላት።

መልሱን ከሳቸው ትሰማ እንደሆነ ብላ ወደ አሮጊቷ ዞረች። እሳቸው በመስኮቱ የመንገዱን ዳር እያዩ ነበር።